«የአዳነ» ወይስ «ያዳነ»? መስተዋድድ ከአናባቢ ጋር ሲጋጠም የሚፈጠሩ የአጻጻፍ ችግሮችና መፍትሔያቸው

መስተዋድዶቹ የ፣ ለ፣ በ፣ ከ፣ ስለ፣ እንደ፣ ወደ ሁሉም በግዕዝ (በአንደኛው) ድምፅ ያልቃሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል በአ ወይም በእ ከጀመረ ሁለት አናባቢዎች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በአ ከጀመረ መስተዋድዱ ወደ ራብዕ (ወደ አራተኛው ድምፅ) ይለወጣል፦ የ ያ ይሆናል፣ ለ ላ፣ ስለ ስላ። በእ ከጀመረ እ ትዋጣለች፦ ከእኛ ከኛ ይሆናል። በኡ፣ በኢ፣ በኤና በኦ ሲጀምር ምንም አይነካም፤ የኡጋንዳ፣ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራ፣ የኦሮሚያ ተብሎ ይጻፋል። ይህን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ በአፉ ያውቀዋል። የሚያሳስተው ጽሑፍ ላይ መቼ እንደሚገጠም (ያንተ) እና መቼ እንደሚለያይ (የአንተ) ነው።

ምልክት፦ «ስለአልመጣ»፣ «የአልተከፈለ»፣ «እንደአየነው»፣ «ከአልሆነ»

በብዛት የሚታየው ስሕተት ይህ ነው፤ በማስታወቂያ፣ በማመልከቻ፣ በውል፣ በዜና ሳይቀር ሞልቷል። መነሻው ጥንቃቄ ነው። ጸሐፊው «የአንተ» ከ«ያንተ» ይልቅ ንጹሕ እንደሚመስል ያያል፣ ከዚያ ለያይቶ መጻፍ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብሎ ይደመድምና ግሱንም ይቆርጠዋል። «በወሩ ውስጥ የአልከፈለ ተከራይ» የሚል ውል የሚጻፈው በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ የሚናገር ሰው ግን የለም።

መፍትሔው፦ ቀጥሎ ያለው ግስ ከሆነ ሁልጊዜ ይገጠማል። ስላልመጣ፣ ያልተከፈለ፣ እንዳየነው፣ ካልሆነ፣ ወዳለበት፣ ላለው። አሉታዊው «አል» ካለማ ጥያቄ የለውም፤ ምንም ሳታስቡ ግጠሙት። «የሚአስፈልግ» እና «ቢአውቅም» የዚሁ በሽታ ዘመዶች ናቸው፤ የሚያስፈልግ፣ ቢያውቅም።

ቀጥሎ ያለው ስም ከሆነ ደግሞ ለያይቶ መጻፉ አስተማማኝ ነው፦ የአገር፣ በአዲስ አበባ፣ ለአፍሪካ። «ያገር ልጅ» ስሕተት አይደለም፣ ለጆሮም ይጥማል፤ ነገር ግን መደበኛ ጽሑፍ ላይ የስሙ መነሻ ሳይነካ ቢቀር ይመረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። ብዙ የእኛ መጠሪያ ስሞች ራሳቸው ግሶች ናቸው፦ አበበ፣ አሰፋ፣ አወቀ፣ አየለ፣ አዳነ። እዚህ ላይ ገጥሞ መጻፍ ትርጉም ይለውጣል። «የአዳነ ሐኪም» አዳነን የሚያክመው ሰው ነው፤ «ያዳነ ሐኪም» በሽተኛን ከሞት ያተረፈ ነው። «የአሰፋ ሱቅ» ባለቤቱ ይታወቃል፤ «ያሰፋ ሱቅ» ሲባል ምን እንዳሰፋ አንባቢው ይጠይቃል። የሠርግ ጥሪ ላይ «ያዳነና ያልማዝ ጋብቻ» ተብሎ ሲታተም የሙሽራው ስም ግስ ይሆናል፣ የሙሽሪት ስም ደግሞ መነሻው «ያል» ስለሆነ አሉታ ይመስላል። «ያለማየሁ» የሚለውንም አንባቢ መጀመሪያ «ያለ ማየት» ወደሚል ይወስደዋል። የሰው ስም ላይ በጭራሽ አትግጠሙ። ግብዣ ይሁን፣ የምስክር ወረቀት ይሁን፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ ይሁን፣ ስም መዝገብ ላይ እንዳለ ይጻፋል።

ግራ ሲገባችሁ ይህን ሞክሩ። አጠራጣሪውን ቃል አንሱና በቦታው መጀመሪያ «የመጣ»፣ ቀጥሎ «የሳሙኤል» አስገቡ። «…ሰው መልሱን ይንገረን» በሚለው ላይ «የመጣ ሰው» ስለሚያስኬድ ቃሉ ግስ ነው፤ ያወቀ ሰው። «…ቤት ተሸጠ» በሚለው ላይ የታሰበው «የሳሙኤል ቤት» ዓይነት ከሆነ ቃሉ ስም ነው፤ የአወቀ ቤት። በ«ሳሙኤል» ቦታ «ከበደ»ን አትጠቀሙ፤ ከበደም ራሱ ግስ ስለሆነ ፈተናውን ያበላሸዋል።

ይኸው ፈተና ከግስ የወጡ ስሞችንም ይለያል። አንድ የኪራይ ውል ውስጥ «የአከራይ ግዴታ» እና «ቤቱን ያከራየው ሰው» ጎን ለጎን ሊመጡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ አንዱን ካንዱ ለማስተካከል አትሞክሩ። «የአስተማሪ ደብተር»ና «ያስተማረ መምህር» እንዲሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮምፒውተሩን «ሁሉንም ተካ» ብሎ ማዘዝ ይህን ችግር አይፈታም፣ መጽሐፍ ያበላሻል። «የአ»ን በሙሉ ወደ «ያ» የቀየረ ሰው አበበንና አዳነን ግስ ያደርጋቸዋል። ተቃራኒው ይብሳል። «ያ»ን በሙሉ ወደ «የአ» ሲቀይሩ ያሬድ «የአሬድ» ይሆናል፣ እያንዳንዱ «እየአንዳንዱ»፣ ኢትዮጵያ ደግሞ «ኢትዮጵየአ»። ከዚያ በኋላ ጥፋቱን በአንድ ትእዛዝ መመለስ አይቻልም፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ትክክል የነበሩት «የአ»ዎች ከተበላሹት ጋር ተቀላቅለዋል። አንድ በአንድ እያያችሁ ተኩ። ከመጀመራችሁ በፊት ቅጂ አስቀምጡ።

ምልክት፦ «የአለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው»

ምክንያቱ «ያለ» ሁለት መሆኑን አለማስተዋል ነው። «ገንዘብ ያለው» የ እና አለ ነው። «ያለ ፈቃድ» ግን ራሱን የቻለ ቃል ነው፣ ውስጡ የሚፈታ «የ» የለም። ሁለቱም «ያለ» ተብለው ይጻፋሉ፤ «የአለ» የሚባል ትክክለኛ ቦታ የለውም፣ አለ የሚባል ሰው ስም ካልሆነ በቀር። ባለቤትና ባለሙያም እንዲሁ አይፈቱም፤ «በአለሙያ» ብላችሁ አትጻፉ።

ምልክት፦ «እንኳን ለባሉ አደረሳችሁ»

በዓል ውስጥ ያለው በ የቃሉ ሥር ነው፣ መስተዋድድ አይደለም። ሲገጠም ባል ይሆናል። ለበዓሉ ተብሎ ይጻፋል።

ምልክት፦ እ ተውጣ ትርጉሙ ሲዞር

የእኔና የኔ፣ ከእኛና ከኛ፣ በእርግጥና በርግጥ ሁለቱም ያስኬዳሉ። ምርጫችሁን ያዙና እስከ መጨረሻው በዚያው ሂዱ፤ በአንድ ገጽ «የእኔ» በሌላው «የኔ» ማየት የግዴለሽነት ምልክት ነው። እ መውጣት የሌለባት የቀረው አካል ሌላ ቃል ሲሆን ነው። «የዕድል ጨዋታ» ቁማር ሊሆን ይችላል፣ «የድል ጨዋታ» ግን አሸናፊነት ነው። «የዕድር ገጽ» ስለ ቀባሪ ማኅበር ነው፣ «የድር ገጽ» ስለ ኢንተርኔት። እርስ በርስ፣ አንዳንድና እስካሁን ግን ተገጥመው የጸኑ ናቸው፤ አትፍቷቸው።

ለወዳጅ በሚላክ መልእክት «የ»ን ጥሎ «ሚፈልግ»፣ «ሚመጣው» ማለት አለ። አፍ ላይ ይቅር፤ ማስታወቂያ ላይ ሲለጠፍ ግን የድርጅቱን ደረጃ ያሳንሳል። የሚፈልግ፣ የሚመጣው።

ምልክት፦ «መጥትዋል»፣ «ሆኑዋል»፣ «መጥታችዋል»

መጥቶ እና አል ሲጋጠሙ ቶ ወደ ቷ ይለወጣል፦ መጥቷል። በፊደል ገበታው ቷ ከቶ ቀጥሎ ስምንተኛ ነው፤ እሱን ፈልጎ ከመንካት ይልቅ ት እና ዋ ለየብቻ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። ሆኗል፣ ሄዷል፣ ብሏል፣ ፈልጓል፣ ጠይቋል፣ መጥታችኋል። ቀደም ባሉ ኅትመቶች «መጥቶአል» የሚለው ይገኛል፤ ያ ስሕተት አይደለም፣ የድሮ ጽሑፍ ስትገለብጡ እንዳለ ተዉት። «እወድሻለው» ግን በየትኛውም ዘመን ስሕተት ነው፦ እወድሻለሁ።

ጥቂት ብርቅ ጉዳዮች

በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ ስም አይገጠምም፤ የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ እንጂ ሌላ መንገድ የለውም። አሃዝ ላይም አይሠራም፤ በ1 ሰዓት ስንል በአፍ «ባንድ» ቢባልም በጽሑፍ በ1 ነው። አንድ ፊደል የሆኑት የ፣ ለ፣ በ፣ ከ ከቃሉ በክፍተት አይለዩም፤ «የ አንተ» የሚባል አጻጻፍ የለም። ስለ፣ እንደ፣ ወደ ከስም በፊት ለብቻቸው ሊቆሙ ይችላሉ (ወደ አዳማ፣ ስለ አገር)፣ ከግስ በፊት ግን «ስለ አልመጣ» ብሎ መለየት የመጀመሪያውን ስሕተት በክፍተት መደበቅ ነው።

ግጥም ሌላ ነው። ገጣሚ ስንኙን ለመመጠን «ያገሬ»፣ «ላፈሩ» ቢል መብቱ ነው። አራሚ ሆናችሁ ግጥም ከደረሳችሁ፣ የገጠመውን አትፍቱ፣ የፈታውን አትግጠሙ፤ አንድ ቀለም ስትጨምሩ ምጣኔው ይፈርሳል።