ሊብሬውን ሳታነቡ ኮፈኑን አትክፈቱ፦ ያገለገለ መኪና ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት የአጎቴ ልጅ ደወለ። «አንድ ቪትዝ አግኝቻለሁ፣ ማር ናት፣ አብረኸኝ እያት» አለኝ። ሄድን። ታጥባ ቆማለች፣ ጎማዋ ሳይቀር ተወልውሎ ያበራል። ደላላው «የሴት እጅ ናት፣ ምንም አትጠይቅም፣ አስነስቶ መሄድ ብቻ ነው» ይላል። የአጎቴ ልጅ በሩን ከፍቶ ዘጋ። ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ራዲዮ ከፈተ። ከዚያ «መጨረሻው ስንት ነው?» አለ።

እኔ «ሊብሬው በማን ስም ነው?» ስል ደላላው ዞር ብሎ አየኝ። ይሄ ደግሞ ከየት መጣ የሚል አስተያየት ነበር።

ምን ላድርግ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ሞተር ቢበላሽ ወርዶ ይሠራል፤ ገንዘብ ያስወጣል፣ አለቀ። የተበላሸ ወረቀት ግን ጋራዥ የለውም። ስለዚህ ከወረቀቱ፣ ከሊብሬው ማለትም ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ ልጀምር።

በውክልና ገዝቶ «ስሙን በኋላ አዞረዋለሁ» ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ሠርቼዋለሁም። ከዓመታት በፊት አንዲት ቶዮታ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው ባለቤቱ አልነበረም። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ ለሱ ውክልና ሰጥቶታል፣ እሱ ደግሞ ውክልናውን ወደ እኔ አዞረልኝ። «መኪናው በእጅህ ነው፣ ቁልፉ በእጅህ ነው፣ ሊብሬው በእጅህ ነው፣ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። እውነት መሰለኝ። የስም ማዞሪያውን ወጪ ለጊዜው ስላተረፍኩ እንደ ብልጥም ተሰምቶኝ ነበር።

ከዓመት በኋላ ልሸጣት ስል ባለቤቱ ማረፉን ሰማሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2232 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። በእጄ የያዝኩት ወረቀት በአንድ ቀን ተራ ወረቀት ሆነ። ወራሾቹን ፈልግ፣ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እስኪያወጡ ጠብቅ፣ አንዱ ካናዳ ነው፣ የሱ ውክልና በኤምባሲ በኩል ይምጣ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው እንጂ «መኪናችንን መልስ» ቢሉኝ ምን እመልስ ነበር?

ለሻጭም አይጠቅምም። «ሸጬዋለሁ፣ ብሬን ተቀብያለሁ» ብሎ ስሙን ሳያዞር የሚተኛ ሰው ብዙ ነው። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2081 ደግሞ የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። መኪናው አደጋ ቢያደርስ መጀመሪያ የሚጠራው ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው። ሸጦ መርሳት የሚባል ነገር የለም፤ ስሙ እስኪዞር መከታተል ነው።

ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ

ስም ለማዞር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ። ሰው ይህንን ለመቀነስ በሚሊዮን የገዛውን መኪና ውሉ ላይ መቶ ሺህዎች ያደርገዋል። ብልጥነቱ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ግምቱን መሥሪያ ቤቱም ያውቃልና በራሱ ግምት ያሰላል። የሚቀርላችሁ አደጋው ብቻ ነው። ነገ መኪናው ላይ የሌላ ሰው መብት ቢገኝና ውሉ ቢፈርስ፣ «የከፈልኩት ሁለት ሚሊዮን ነው» ብትሉ ወረቀቱ የሚለው ሌላ ነው። ክፍያውን በባንክ አድርጉት። ጥሬ ገንዘብ በፌስታል ይዞ መኪና ውስጥ መቁጠርም ይቅር።

ቀብዱን አጣድፎ መስጠት

«ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው፣ ቶሎ ቀብድ ጣልባት» የምትባል ነገር አለች። ያ ሌላ ሰው መቼም መጥቶ አይታይም። ቀብድ በሕጋችን ቀላል ነገር አይደለም፦ የሰጠው ሰው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢወጣ እጥፉን ይመልሳል። እንግዲህ ወረቀቱ ሳይጣራ፣ መኪናው በመካኒክ ሳይታይ ቀብድ የሰጠ ሰው ራሱን አስሯል። የግድ ከሆነ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ «እግድ ወይም ዕዳ ከተገኘበት ቀብዱ ይመለሳል» የምትል አንዲት መስመር ትግባበት።

እግዱን፣ ዕዳውን፣ ቀረጡንና ትዳሩን አለማጣራት

ሊብሬ በእጅ መያዝ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ የመኪናው ፋይል ነው፤ እሱም መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት ቅርንጫፍ ይገኛል። ሻጩን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩኝ በሉ። ባንክ በመያዣነት ይዞታል? ፍርድ ቤት አግዶታል? የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? ሞተር የተቀየረበት መኪና ሞልቷል፤ መቀየሩ ችግር አይደለም፣ ፋይሉ ላይ አለመመዝገቡ ነው ችግሩ።

ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ለኢንቨስትመንት፣ ለእርዳታ ድርጅት ወይም በሌላ መብት ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ መኪና ቀረጡ ሳይስተካከል ወደ እናንተ ስም አይዞርም። «ከገበያ በታች» የተባለ ዋጋ ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄንን ይሁን። ኮድ 3 ሰሌዳ ከሆነም የንግድ መኪና ነውና ከኋላው የንግድ ፈቃድና ግብር አለ፤ ሻጩ የግብር ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ወረቀት) ማምጣት ካልቻለ የሱ ዕዳ የናንተ ራስ ምታት ይሆናል።

አራተኛው፣ ትዳሩ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። በትዳር ውስጥ የተገዛ መኪና በባል ስም ብቻ ቢመዘገብም በቤተሰብ ሕጉ የጋራ ሀብት ተደርጎ ነው የሚወሰደው። ለዚህ ነው ውልና ማስረጃ ላይ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ የሚጠየቀው። ሻጩ ሁሉን ነገር ጨርሶ በመጨረሻው ቀን «ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ናት፣ እሷን ተዋት» ካለ፣ ቀኑን አራዝሙት። እሷ መጥታ ትፈርም።

በሰሌዳ ፊደል ዕድሜ መገመት

ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ይገርመኛል። ፊደሉ የሚነግራችሁ መኪናው አዲስ አበባ ላይ ሰሌዳ ያገኘበትን ጊዜ ነው እንጂ የተሠራበትን አይደለም። አሥር ዓመት ሌላ አገር ተነድቶ የመጣ መኪና ሲ ሰሌዳ ሊኖረው ይችላል። የምርት ዘመኑን ሊብሬው ላይ አንብቡ። ከዚያ የፊት ወንበር ቀበቶውን እስከ ታች ጎትቱት፤ ብዙ መኪኖች ላይ ጫፉ ላይ ቀን ያለበት ትንሽ ጨርቅ ተሰፍቶ ታገኛላችሁ።

ሞቆ የጠበቃችሁን ሞተር ማድነቅ

አሁን ኮፈኑን መክፈት ይቻላል። ሻጩን ከመሄዳችሁ በፊት «እኛ ሳንመጣ አታስነሳት» በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱ። ትኩስ ከሆነ ለምን እንደሞቀ ጠይቁ። ብዙ በሽታ የሚታየው ብርድ ላይ ነው፦ ለመነሳት ማስቸገር፣ ኳኳታ፣ ጭስ። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ዘይት ይበላል ማለት ነው፣ መካኒኩ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል» ሊላችሁ ይችላል።

የዘይቱን ክዳን ፈትታችሁ ውስጡን እዩ። ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከለጠፈ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ የቴስታ ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ጣጣ ሊሆን ይችላል፣ ቴስታው ራሱም ሊሆን ይችላል። እኔ ከዚያ በኋላ ዋጋ አልደራደርም፣ ቻው ብዬ ነው የምሄደው።

ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ) በትንሽ ማግኔት ሞክሩት። ማግኔቱ ሌላ ቦታ ይዞ አንድ ቦታ ላይ ከወደቀ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ጎማው ላይ አራት ቁጥር ፈልጉ፤ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ኪሎ ሜትሩ 90 ሺህ እያለ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ከታየ ደግሞ አንዱ ይዋሻል፣ ላስቲክ ግን አይዋሽም።

መካኒኩን ራሳችሁ ምረጡ። ደላላው «እኔ የማውቀው ጎበዝ ልጅ አለ» ካለ አመስግኑትና የራሳችሁን ጥሩ። ደላላው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት በመቶውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው፤ ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን ኑሮው ነው። ለመካኒኩ ግን ገዛችሁም አልገዛችሁም ክፈሉት። ካልገዛችሁ የማይከፈለው መካኒክ ግዙ ማለቱ አይቀርም።

«ወንድሜ ከዱባይ ይልክልኛል»

ዱባይ ላይ ያለውን ዋጋ በብር አባዝቶ የሚደሰት ሰው አጋጥሞኛል። መጀመሪያ ነገር፣ ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ክልከላው ባይኖርም ስሌቱ የተሳሳተ ነበር። ጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ 15 በመቶ ቫት፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ፤ እነዚህ ጎን ለጎን አይቆሙም፣ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ነው የሚወጣው። ቫቱ የሚሰላው ቀረጡና ኤክሳይዙ ከተደመሩ በኋላ ነው። ጉምሩክም ያገለገለ መኪና ላይ ደረሰኛችሁን ብቻ አምኖ አይቀበልም፣ የራሱ የዋጋ ግምት አለው።

ኤሌክትሪክ መኪናን እንደ ቤንዚን መኪና መግዛት

ሰው አሁንም ኮፈን ከፍቶ ሞተር ይፈልጋል። ማየት ያለባችሁ ባትሪው ስንት በመቶ ጤና እንደቀረው ነው፤ በመመርመሪያ መሣሪያ ይነበባል። ከቻይና ገበያ የመጡት፣ የቮልስዋገን አይዲ 6ን የመሳሰሉ፣ የቻርጅ መሰኪያቸው የቻይናው ጂቢቲ ነው፤ የአውሮፓው መሰኪያ አይገባባቸውም። ስክሪኑም በቻይንኛ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን የት ነው ቻርጅ የምታደርጉት? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እየኖሩ ገመድ በመስኮት ሲያወርዱ ያየኋቸው ጎረቤቶች አሉኝ። ከነሱ ተማሩ፣ መጀመሪያ ኮሚቴውን አነጋግሩ።

ከገዙ በኋላ ኢንሹራንሱን መርሳት

የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ (መኪናችሁ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው) በአዋጅ ግዴታ ነው፤ ያለሱ ቦሎም የለም። ስትገዙ ቦሎው የታደሰ መሆኑን እዩ፣ ካልታደሰ ውዝፉ ከዋጋው ይቀነስ። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የመኪና ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል፣ እኛ ግን ከሦስት ዓመት በፊት በገዛንበት ዋጋ እያደስን እንሄዳለን። ሁለት ሚሊዮን የምታወጣ መኪና በአንድ ሚሊዮን ኢንሹራንስ ከተገባላት፣ 200 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ ብዙዎቹ ውሎች የሚከፍሉት ግማሹን፣ 100 ሺህ ብር ነው። ሲታደስ ዋጋውን አስተካክሉ። ስሙ ሲዞርም ለኢንሹራንሱ አሳውቁ፣ የሻጩ ውል አብሮ ወደ እናንተ አይሻገርም ብላችሁ አስቡ።

የቅዳሜዋ ቪትዝ ሊብሬዋ ባንክ ነበር፤ ደላላው «ዕዳው ትንሽ ናት» አለ፣ እኛ ሄድን። የአጎቴ ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ አገኘ። ፋይሉን ቅርንጫፍ ሄደን አየን፣ የሻጩ ሚስት መጥታ ፈረመች፣ ብሩ በባንክ ገባ፣ ስሙ ዞረ። የመጀመሪያ ቀን አዳማ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበትና ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አወጣ። መኪናውን የሚያነሳው ክሪክ የለም። እሱን ማየት ሁለታችንም ረስተናል።