ስለ ፈረንሳይ ሌሎች ቋንቋዎች ስንናገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የፈረንሳይኛ ዘዬ ናቸው» ማለት። ከስህተቶቹ ሁሉ እኔን የሚያሳዝነኝ ይኸኛው ነው። ባስክኛ ከፈረንሳይኛ ጋር ቀርቶ በዓለም ላይ ከሚነገር ከየትኛውም ቋንቋ ጋር ዝምድናው አልተረጋገጠም። የሰሜን ምዕራብ ፈረንሳዩ ብሬቶንኛ በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከብሪታንያ ደሴት ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች ቋንቋ ሲሆን ከዌልስኛ ጋር ይዛመዳል። የአልዛስ ቋንቋ ወገኑ ከጀርመንኛ፣ የኮርሲካው ደግሞ ከጣልያንኛ ነው። የደቡብ ፈረንሳዩ ኦክሲታንኛ ከላቲን ቢወለድም ለፈረንሳይኛ እኅቱ እንጂ ልጁ አይደለም፤ በዚሁ ቋንቋ የገጠመው ፍሬዴሪክ ሚስትራል በ1904 የኖቤል ሥነ ጽሑፍ ሽልማትን ተጋርቷል። ፈረንሳዮች «ፓቷ» የሚሉት ቃል የንቀት ቃል ነው። «የገጠር ዘዬ» ብሎ የሚተረጉመው ሰው ንቀቱንም አብሮ ይተረጉማል።

«በራሳቸው ጊዜ ደከሙ» ማለት። አልደከሙም፤ ተገፉ። በ1794 አባ ግሬጎዋር ለአብዮቱ ምክር ቤት ያቀረቡት ዘገባ ርእሱ ራሱ ፓቷን ስለ ማጥፋት አስፈላጊነት ይናገር ነበር። በዘገባው ግምት ቢያንስ 6 ሚሊዮን ፈረንሳውያን፣ በተለይ በገጠር፣ ፈረንሳይኛ አያውቁም ነበር። በኋላ ሥራው ለትምህርት ቤት ተተወ። ብሬቶንኛ ሲያወራ የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ የእንጨት ጫማ ወይም ሌላ ምልክት ይንጠለጠልበታል፤ ከላዩ የሚወርድለትም ሌላ ልጅ ሲያወራ ሰምቶ ሲያሳብቅ ነው። ልጅን በጓደኛው ላይ ሰላይ ማድረግ! በእናቱ ቋንቋ እንዲያፍር ተደርጎ ያደገ ሰው ለገዛ ልጁ ያንን ቋንቋ ቢነፍገው ምን ይገርማል?

«አሁን ሕጉ ያከብራቸዋል» ማለት። ግማሽ እውነት ነው። ከ2008 ወዲህ ሕገ መንግሥቱ የክልል ቋንቋዎችን የፈረንሳይ ቅርስ ይላቸዋል፤ የሪፐብሊኩ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው የሚለው የ1992 ድንጋጌም አልተነሣም። ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚያሸንፍ በ2021 ታይቷል። ፓርላማው በሚያዝያ ያጸደቀውን የክልል ቋንቋዎች ሕግ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በግንቦት መርምሮ ትምህርትን በዋናነት በክልሉ ቋንቋ መስጠትን የሚፈቅደውን አንቀጽ ሻረው። በሰው ስም ላይ እንደ ብሬቶንኛው ባለ ሞገድ «n» (ñ) ያሉ ፊደላትን መጻፍ የሚፈቅደውም አብሮ ወደቀ። ወላጆች ሕግ ሳይጠብቁ ያቋቋሟቸው፣ ከ1977 ጀምሮ በብሬቶንኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ግን አሉ፤ ስማቸው «ዲዋን» ነው፣ መብቀል ማለት ነው።

የቆየ ቁጥር ማስተላለፍ። በ2018 ጥናት ወደ 200 ሺህ ይገመቱ የነበሩት የብሬቶንኛ ተናጋሪዎች በ2024 ወደ 107 ሺህ ወርደዋል። ቁጥሩን ስትጠቅሱ ዓመቱን አትርሱ።

የፈረንሳይን የባሕር ማዶ ግዛቶችና ከውጭ የመጡ ቋንቋዎችን መርሳትም አለ። በ1999 ለመንግሥት የቀረበ ዝርዝር 75 «የፈረንሳይ ቋንቋዎችን» ሲቆጥር የማርቲኒክና የሬዩኒየን ክሪዮሎች (ከቋንቋዎች መገናኘት የተወለዱ ቋንቋዎች)፣ የኒው ካሌዶኒያ ነባር ሕዝብ የካናኮች ቋንቋዎች፣ ዐረብኛና በርበርኛም ገብተውበታል።