በእግር ጣቶች መካከል የሚቀር እርጥበት
እግርዎን ከታጠቡ በኋላ በጣቶችዎ መካከል ያለውን ቦታ በንጹሕ ፎጣ አንድ በአንድ ማድረቅዎን እባክዎ አይዘንጉ። ብዙ ሰው መታጠቡን እንጂ ማድረቁን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ሆኖም በጣቶች መካከል ቆዳን እያሳከከ የሚልጠው ፈንገስ የሚራባው ሙቀትና እርጥበት በሚያገኝበት ስፍራ ነው። ለዚህ የሚታዘዘውን ቅባት ማሳከኩ ስለቆመ ብቻ ማቋረጥ ሕመሙ እንዲያገረሽ ስለሚያደርግ፣ በመመሪያው የተጻፈውን ጊዜ መጨረስ ያስፈልጋል።

ላብ በራሱ እምብዛም ሽታ የለውም፤ መጥፎ ጠረን የሚፈጠረው በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ላቡንና የሞተውን ቆዳ ሲያብላሉ ነው። ስለዚህ ካልሲን በየቀኑ መቀየር፣ አንድን ጫማም በተከታታይ ከማድረግ ይልቅ ቢያንስ ለ24 ሰዓት አየር እንዲያገኝ ማሳረፍ ይበጃል። ጫማው ከራሰ፣ የውስጥ ንጣፉን አውጥተው ጋዜጣ ይጠቅጥቁበትና ወረቀቱን እየቀያየሩ ነፋሻ በሆነ ጥላ ያድርቁት፤ እሳት ወይም ማሞቂያ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፣ ማጣበቂያውንም ያላቅቀዋል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የእግር ስሜቱ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ባያመውም እንኳ እግሩን እስከ ውስጥ እግሩ በየቀኑ ይመልከት፤ ትንሽም ቢሆን ቁስል ካየ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ያሳይ።