በድሬዳዋ ሙቀት የሰውነትን ሙቀትና የልብ ትርታ በቤት ውስጥ መለካት

በአንጎል ውስጥ የሚገኘው ሃይፖታላመስ የሰውነታችን ሙቀት ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ እንዳይርቅ ሲሞቀን የቆዳ ደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ያልበናልም፤ የሚያቀዘቅዘን ታዲያ ላቡ ራሱ ሳይሆን ትነቱ ነው። ስለዚህ በቀትር ፀሐይ ከከዚራ ሰፈር በእግሩ የመጣ ሰው ወዲያው ቢለካ ውጤቱ ያሳስታልና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በጥላ ሥር ይረፍ። ብብቱን በጨርቅ አድርቀው ቴርሞሜትሩን ያስገቡ፣ ድምፅ እስኪያሰማም ክንዱን ገጥሞ ይቆይ። የልብ ትርታውን በአመልካችና በመሃል ጣትዎ የእጁ አንጓ ላይ ለ60 ሰከንድ ይቁጠሩ፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው አይሆንም። ያረፈ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ትንፋሹን ግን ሳይነግሩት ይቁጠሩ። ሙቀቱ 40 ደርሶ መቀባዠር ከጀመረ ልኬቱን ትተው፣ ገላውን በውሃ እያራሱና እያራገቡ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።