የጀርመን የብር ታለሮችን መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው

በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ምድር መሳፍንት፣ ጳጳሳትና ነጻ ከተሞች በየፊናቸው የራሳቸውን ገንዘብ የሚያትሙባት ስለነበረች፣ ሁሉንም ልሰብስብ ብሎ የተነሣ ሰው ስብስቡ ሳይሞላ ገንዘቡ ያልቅበታል። ስለዚህ በቅድሚያ አንድ ግዛት መምረጥ ይገባል። በእኔ ግምት ለጀማሪ የሚመቸው ብራውንሽቫይግ ነው፤ ከሃርትስ ተራሮች በወጣው ብር ብዙ ታለር (ትልቅ የብር ሳንቲም) ስለታተመ ገበያ ላይ አይጠፋም፣ ዛፍ በእጁ የያዘው «የዱር ሰው» ምስልም የላቲኑን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ ወዲያው ይለያል።

ዋጋ ከመነጋገር በፊት ሳንቲሙ መመዘን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1566 አውግስቡርግ ላይ የወጣው ሕግ የራይሽስታለርን (የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ይፋዊ ታለር) ክብደት 29.23 ግራም ገደማ፣ በውስጡ ያለውን ንጹሕ ብር ደግሞ 26 ግራም ያህል አድርጎ ወስኖታል። ብዙም ያላለቀ ታለር ከ28 ግራም በታች ከወረደ ጠርዙ ተሞርዶ ወይም ተሸርፎ፣ አለዚያም ሐሰተኛ ሆኖ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። ቀጥሎም ጠርዙን፣ በተለይም ከምስሉ ራስ በላይ ያለውን ክፍል፣ በማጉያ መነጽር መመርመር ያስፈልጋል፤ ብዙ ታለሮች ጌጥ ሆነው አንገት ላይ ስለዋሉ የተደፈነ ቀዳዳ ወይም የብየዳ ምልክት ይገኝባቸዋል፣ ይህም ዋጋቸውን እጅግ ይቀንሳል። በጠርዙ ዙሪያ የሚሄድ የመገጣጠሚያ መስመርና በገጹ ላይ የተበተኑ ጥቃቅን ጉድጓዶች በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ሳንቲም ምልክቶች ናቸው።

አንድ ልዩ ሁኔታ ግን አለ። ከ1619 እስከ 1623 ገደማ፣ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ሲጀመር፣ ብዙ ገዢዎች ብሩን በመዳብ ስላረከሱት የዚያ ዘመን ሳንቲም መቅላቱና መቅለሉ ብቻውን ሐሰተኛነቱን አያሳይም፤ እንዲያውም ይህን ዘመን ብቻ የሚሰበስቡ አሉ።

ዓይኑን ማለማመድ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ በቅርብ የሚያገኘው የዚሁ ቤተሰብ አባል ጠገራ ብር ነው። ክብደቱ 28.06 ግራም ሲሆን፣ ከማሪያ ቴሬዛ ምስል ሥር ያሉት «ኤስ.ኤፍ.» ፊደላት በዛሬዋ ባቫርያ የምትገኘውን የጉንትስቡርግ ማተሚያ ያስታውሳሉ። ይሁን እንጂ 1780 የሚለው ዓመትና እነዚሁ ፊደላት በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ በታተሙት ላይም ስላሉ ለዕድሜው ማስረጃ አይሆኑም።

የተገዛውን ሳንቲም በሎሚ፣ በአመድ ወይም በብር ማጽጃ ማሸት ፈጽሞ አይገባም፤ በዘመናት ብዛት የያዘው ጥቁረት ሲነሣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ጠርዙን ብቻ ይዞ ማንሣትና ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ውስጥ ሳይሆን አሲድ በሌለበት የወረቀት ፖስታ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል።