ከቤዝቦል ሜዳ ወደ ማይክሮፎን፦ ከቦብ ዩከር የምትወስዱት

መጫወት አቁማችሁ ጨዋታ ማስተላለፍ ካማራችሁ፣ ኮከብ አልነበርኩም ብላችሁ ወደኋላ አትበሉ። ቦብ ዩከር እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ በሜጀር ሊግ ሲጫወት የመምታት አማካዩ 0.200 ብቻ ነበር፤ ማለትም ከአምስት ሙከራ አንዱ ነው የተሳካለት። ሆም ረኑም (አብዛኛውን ጊዜ ኳሷን ከአጥር በላይ የሚያሻግር ምት) በድምሩ 14። ግን ከ1971 ጀምሮ በትውልድ ከተማው በሚልዋኪ የከተማዋን ቡድን የብሩወርስን ጨዋታ በሬዲዮ ከ50 ዓመት በላይ አስተላለፈ። በጣም የምወደው ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ሜዳ ላይ ያያችሁትን ተጠቀሙበት። ዩከር ካቸር ነበር። ካቸር ማለት ከሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ ከሚቆምበት ሰሌዳ) ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ሜዳውን በሙሉ ፊት ለፊት የሚያይ፣ ኳስ ለሚወረውረው ለፒቸሩ በጣቱ ምልክት የሚሰጥ ሰው ነው፤ ስለዚህ ቀጥሎ ምን ዓይነት ኳስ ሊመጣ እንደሚችልና ለምን እንደሆነ ያውቃል። አድማጭ የሚፈልገው ይሄንን "ለምን" ነው።

ከዚያ ልምምድ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፉና አንድ ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት የጨዋታ ክፍል) እያስተላለፋችሁ ስልካችሁ ላይ ቅዱ። መልሳችሁ ስትሰሙ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ኳሷ የት እንደወደቀች፣ ቤዝ (ሯጮች የሚደርሱባቸው የሜዳው ማዕዘኖች) ላይ ማን እንዳለ ካልታያችሁ፣ እንደገና።

ውጤቱንም ቶሎ ቶሎ ንገሩ፤ ገና አሁን ሬዲዮ የከፈተ ሰው አለ። ታዋቂው አስተላላፊ ሬድ ባርበር ይህን እንዳይረሳ የ3 ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት አጠገቡ ያስቀምጥ ነበር።

ዝም ማለትንም አትፍሩ። ኳሷ አጥር ስትዘል የሕዝቡ ጩኸት ራሱ ይናገር።