በአጃ ውሃ ገላን ማሳረፍ፦ እንዴት እንደሚሰራ

ቀኑን ሙሉ ሲራወጥ የዋለ ሰውነት ማታ ብዙ ነገር አይጠይቅም። ለብ ያለ ውሃና ትንሽ አጃ ይበቃዋል። ቆዳዬ ደርቆ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ያሳክከኝ በነበረ ሰሞን ያሳረፈኝ ይሄው አጃ ነው።

አንድ ኩባያ ጥሬ አጃ ውሰዱ። ስኳርም ሆነ ማጣፈጫ ያልገባበት ይሁን። እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ ፍጩት። መላሙን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አማስሉ። ውሃው ወተት መስሎ ከነጣ ደርሷል። ዱቄቱ ሥር ከዘቀጠ ግን ገና ነውና መልሳችሁ ፍጩት። ይህችን ሙከራ አትዝለሏት። ያልላመ አጃ ገንዳው ሥር ይተኛል እንጂ ለቆዳ አይጠቅምም፤ ቱቦም ይደፍናል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ውሃው ላይ ነው። ፍል ውሃ ለጊዜው ደስ ይላል፤ ግን የቆዳን ቅባት አጥቦ ይወስዳል፣ ስንወጣ ማሳከኩ ይብሳል። ከ36 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ በቂ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ በክርናችሁ ሞክሩት። መዳፍ ሙቀት ስለለመደ ያታልላል።

ገንዳው እየሞላ ሳለ ዱቄቱን ከሚወርደው ውሃ ላይ ቀስ እያላችሁ ነስንሱ። የጓጎለውን በእጃችሁ በትኑት። ከዚያ 15 ደቂቃ ያህል ጋደም በሉበት። ሳሙናውን ለዛሬ ተዉት። ክንዳችሁን ስትዳስሱ ሐር ሐር ይላችኋል። ገንዳውም እንደዚያው ስለሚያሟልጭ ስትነሱ ጠርዙን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። አጃ የማይስማማው ሰው ይህን ባይሞክር ይሻላል።

ሽታ ለምትወዱ፣ የላቬንደር ዘይት ጠብታ እንዲሁ ውሃ ላይ አታፍስሱ። ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ እንደተንሳፈፈ ቆዳ ላይ ያርፍና ያቃጥላል። 4 ወይም 5 ጠብታ በአንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት አቅጥናችሁ ጨምሩ። የሎሚ ጭማቂ ግን ይቅርባችሁ። ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው ያቆስላል።

ገንዳ የለንም? ሳፋ አለ። ከመተኛታችሁ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት እግራችሁን ለብ ባለ ውሃ ንከሩ። የእግር ደም ሥሮች ሲሰፉ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣል፤ የውስጥ ሙቀታችን ዝቅ ሲል ደግሞ እንቅልፍ ይመጣል። የስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዝ ሰው ግን ውሃው ቢያቃጥለውም ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስትጨርሱ በፎጣ አትፈግፍጉ፤ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ብቻ አድርቁ። ቆዳችሁ ገና እርጥብ እያለ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቫዝሊን ወይም የለመዳችሁትን ቅባት ተቀቡ።